ለረቡዕ አጥቢያ

እናቴ ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ መጀመሪያ የምትጠይቀው "ዛሬ ስንት ነው?" ብላ ነው። ሰዓቱን አይደለም፣ ቀኑን ነው። 12 ከሆነ ሚካኤል፣ 21 ከሆነ ማርያም፣ 7 ከሆነ ደሞ ነጠላዋን አጣፍታ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ትሄዳለች። የግድግዳው ካላንደር ፊደሉ ደቀቀባት፣ ስልኳ ደሞ የድሮ ባለ ቁልፍ ስለሆነ የፈረንጅ ቀን ነው ሚያሳየው፣ ስለዚህ ሁሌ እኔን ትጠይቃለች፣ እኔም ገና እንቅልፌ ሳይለቀኝ የመጣልኝን እነግራታለሁ። አንድ ቀን 20ውን "ዛሬ 21 ነው" ብያት ለብሳ ወጥታ፣ መንገድ ላይ ሰው ነግሯት ተመለሰች። ምንም አላለችኝም። ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠችና ቡና ማፍላት ጀመረች። በዛው ሳምንት ነው ኮመዲኖዋ ላይ የሚቀመጥ፣ ቀኑን በኛ አቆጣጠር በትልቁ የሚጽፍ ሰዓት ልሠራላት የተነሳሁት።

ቤት ውስጥ አንድ አርዱዊኖ ኡኖ ነበረኝ፣ ኮድ ጽፈህ የምትጭንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ናት። ለሰዓት ሌላ ምንም አያስፈልግም ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ ምክንያቱም ቦርዱ ከበራበት ጀምሮ ስንት ሚሊሰከንድ እንዳለፈ የሚቆጥር ሚሊስ የሚባል ነገር አለው፣ እሱን ለ1000 አካፍለህ ሰከንድ ታገኛለህ፣ ለ60 ደቂቃ፣ እያለ ይሄዳል። ሠራሁት፣ ሠራም፣ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛው መብራት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ቆጣሪው ከዜሮ ይነሳል፣ እኛ ሰፈር ደሞ መብራት ሄዶ የሚመጣው ለሊትም ነው ቀንም ነው፣ እናቴ ጠዋት ስትነሳ ሰዓቱ መጀመሪያ ያስገባሁለት ቀን ላይ ተመልሶ ታገኘዋለች። ሁለተኛው ደሞ መብራት ባይሄድም ሰዓቱ በቀን አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይንሸራተታል። ኡኖ ላይ ዋናው ቺፕ ምቱን የሚያገኘው በልክ ከሚርገበገብ ክሪስታል ሳይሆን ትንሽ ከሚስት ሴራሚክ ሬዞኔተር ነው፣ ሬዞኔተር ሞተር ለማዞርና መብራት ለማብራት በቂ ነው፣ ለሰዓት ግን አይሆንም። ከሺህ አንድ ብቻ ቢስት በቀን 86 ሰከንድ ነው፣ በወር ከ40 ደቂቃ በላይ። ከስልክ ጋር እያስተያየሁ ላስተካክለው እችል ነበር፣ ግን እኔን እየጠበቀ የሚስተካከል ሰዓት ከኔ በምን ይሻላል?

ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያወርድ ቦርድ ግዢ ያሉኝ ነበሩ። ዋይፋይ በማይጠፋበት ቤት ልክ ነው። እኛ ቤት ግን ዋይፋይ የለም፣ ዳታም አንዳንዴ ይኖራል አንዳንዴ አይኖርም፣ የእናቴ ሚካኤል ኔትወርክ እስኪመጣ አይጠብቅም። እኔ የፈለግኩት የራሱ ባትሪ ያለው፣ ማንም ባይነግረው ቀኑን የሚያውቅ ነገር ነው። እሱ ነው ሪል ታይም ክሎክ ሚባለው። ሁለት ዓይነት በብዛት ይገኛል፣ ዲኤስ1307 እና ዲኤስ3231። ዲኤስ የሚለው ዳላስ ሰሚኮንዳክተር ከሚለው የመጣ ነው፣ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2001 ማክሲም ገዝቶታል፣ ፊደሉ ግን ቺፑ ላይ ቀረ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ 3231ዱ የተገጠመበትን ሞጁል፣ ማለትም ትንሽ ሰሌዳ፣ ገዝቶ በአውቶብስ ላከልኝ፣ ያለ ባትሪ።

ባትሪውን ፍለጋ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ ሄድኩ፣ በር ላይ ትንሽ መስታወት ያለው ሳጥን ዘርግተው የሚሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ሞጁሉን ሳሳያቸው ባትሪውን ከመስጠታቸው በፊት መነጽራቸውን አውርደው አገላበጡት። "ልጄ፣ ክሪስታሉ የታለ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ቺፑ ውስጥ ነው አሉኝ" ስላቸው አንድ የማይሠራ የእጅ ሰዓት ከፍተው ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ብረት ቱቦ በካቻቢቴ ጫፍ አሳዩኝ። አብዛኛው የባትሪ ሰዓት በሷ ነው የሚሠራው። በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፣ ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፣ 2ን 15 ጊዜ በራሱ ስታባዛው የሚመጣ ነው፣ ስለዚህ ቺፑ 15 ጊዜ ለሁለት እያካፈለ ሲወርድ በትክክል አንድ ሰከንድ ላይ ይደርሳል። እሳቸው ቁጥሩን አልነገሩኝም፣ ያሉኝ "ይቺ ብርድ አትወድም፣ ሙቀትም አትወድም" ነው። ቤት ሄጄ ሳነብ ልክ ሆነው አገኘኋቸው። እንዲህ ዓይነቷ ክሪስታል 25 ዲግሪ አካባቢ ነው ልኳን የምትሠራው፣ ከዛ ወደ ብርድም ወደ ሙቀትም ስትሄድ ሁለቱም ያዘገዩዋታል፣ በ10 ዲግሪ ብትርቅ በቀን 0.3 ሰከንድ ገደማ፣ በ20 ዲግሪ ብትርቅ ደሞ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው።

1307ቱ ይሄን ዝም ብሎ ይቀበላል። 3231ዱ ግን ክሪስታሉን ከነሙቀት መለኪያው ሆዱ ውስጥ ይዞ በየ64 ሰከንዱ እየለካ ራሱን ያስተካክላል፣ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ከሚሊዮን 2 ብቻ ነው ሊስት የሚችለው፣ በዓመት አንድ ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ጎንደር ቀን ፀሐይ ለሊት ብርድ ነው፣ የእናቴ ክፍል ደሞ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ልዩነቱ ይበዛል። ዋጋው ትንሽ ቢወደድም 3231ዱን ግዙ እላለሁ።

ማገናኘቱ ላይ ብዙ ማወራው የለኝም፣ አራት ሽቦ ነው። ኃይል የሚገባበት ቪሲሲ ወደ 5 ቮልት፣ ግራውንድ ወደ ግራውንድ፣ ቺፑና ቦርዱ የሚነጋገሩባቸው ኤስዲኤ ወደ ኤ4፣ ኤስሲኤል ወደ ኤ5፣ በቃ። ስክሪኑንም እዛው ኤስዲኤና ኤስሲኤሉ ላይ ነው የደረብኩት፣ እያንዳንዱ የራሱ አድራሻ ስላለው አይጣሉም፣ ሰዓቱ በሄክስ፣ ማለትም በ16 በሚቆጠር አጻጻፍ፣ 68 ነው፣ ኦሌድ ስክሪኑ 3ሲ። አድራሻ ፈላጊ ኮድ ስጭንበት ሁለት ነገር አገናኝቼ ሦስት መለሰልኝ፣ 57 ሚል ተጨመረ፣ አንድ ምሽት ሙሉ ሽቦ ስፈትሽ አደርኩ። ለካ ሞጁሉ ላይ ከሰዓቱ ጎን 4 ኪሎባይት የምትይዝ ትንሽ ሚሞሪ አለች፣ 57 ብላ የምትመልሰው እሷ ናት። ሌላ ቀን ደሞ ያለ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ሰው ሠርቶ ያስቀመጠው ኮድ ሳልጠቀም፣ በቀጥታ ላንብበው ብዬ ደቂቃው 25 ሲሆን 37 አሳየኝ። ቺፑ አስሩንና አንዱን ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው፣ 2 እና 5፣ ያንን እንደ ተራ ቁጥር ስታነበው 2ቷ በ10 ሳይሆን በ16 ስለምትባዛ 37 ይሆናል። አርቲሲሊብ ሚባለው ላይብረሪ ይሄን ሁሉ ስለሚሠራው ወደሱ ተመለስኩ።

የባትሪውን ነገር ግን ቆም ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም ይሄን ሰማያዊ ሞጁል የገዛ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ሰዓት ሠሪው የሰጡኝ ሲአር2032 ነው፣ ክብ፣ 3 ቮልት፣ የትም የሚገኝ። በሁለተኛው ወር ላይ አቧራ ልጠርግ ሳወጣው ሆዱ ትንሽ አበጥ ብሏል። ይዤላቸው ሄድኩ። በጣታቸው ዳሰሱትና "ይሄ ቻርጅ ተደርጓል" አሉ። "ኧረ ጋሼ እኔ ምንም አላደረግኩም" አልኳቸው፣ እውነቴን ነበር፣ ቻርጅ ያደረገው ሞጁሉ ራሱ ነው። ሰሌዳው ላይ 201 ተብሎ የተጻፈባት ኤሌክትሪኩን የምትገታ ሬዚስተር አለች፣ 200 ኦም ማለት ነው፣ ከጎኗ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ አንዲት ዳዮድ፣ ሁለቱ ተያይዘው ከ5 ቮልቱ ወደ ባትሪው ይሄዳሉ። የተሠራው ቻርጅ ለሚደረገው ለኤልአይአር2032 ነው፣ ለሱም ቢሆን 5 ቮልቱ ዳዮዷ 0.6 ገደማ ከቀነሰችበት በኋላ 4.4 አካባቢ ይደርሰዋል፣ ጣሪያው ደሞ 4.2 ነው። ቻርጅ ለማይደረገው ለሲአር ደሞ ጭራሽ አደጋ ነው፣ ሊያብጥ ይችላል፣ ሊያፈስም ይችላል፣ እኔ ደሞ ይሄን ነገር እናቴ ራስጌ ነው ያስቀመጥኩት። በዛው ቀን ሬዚስተሯን በሶልደር አሙቄ አነሳኋት። ሰዓቱ ያለሷ ምንም አይጎድለውም፣ ባትሪው መብራት ሲጠፋ ያሠራዋል፣ መብራት ሲመጣ ያርፋል። ሶልደር የሌለው ሰው ሞጁሉን ከ5 ቮልት ይልቅ በ3.3 ቮልት ያሠራው፣ ዳዮዷ ከቀነሰች በኋላ ባትሪው ካለው ስለሚያንስ ቻርጅ አይሆንም። አዲስ ባትሪ ከመክተታችሁ በፊት ነው ይሄን ማድረግ ያለባችሁ፣ በኋላ አይደለም።

ባትሪው ከተስተካከለ በኋላም ሰዓቱ መብራት በመጣ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። ሞጁሉን ጠረጠርኩት፣ ባትሪውን በመልቲሜትር ለካሁት፣ 3 ነው። ጥፋቱ ኮዱ ላይ ነበር። ምሳሌ ኮዶቹ ላይ ቺፑን ኮዱ ኮምፓይል በተደረገበት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ለቦርዱ በተዘጋጀበት፣ ሰዓት የምትሞላ አንድ መስመር አለች፣ እሷን ሴትአፕ በሚባለው፣ ቦርዱ ሲነሳ መጀመሪያ በሚሠራው ክፍል ውስጥ ዝም ብለህ ከተውካት ቦርዱ በተነሳ ቁጥር ትሠራለች፣ ማለትም ቺፑ መብራት ጠፍቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ በባትሪው በትክክል ሲቆጥር ቆይቶ መብራት ሲመጣ ቦርዱ ይነሳና ባለፈው ማክሰኞ ኮዱን የጫንኩበትን ሰዓት ይጽፍበታል። ትክክለኛውን በስህተቱ ይደመስሰዋል። መስመሯ መሥራት ያለባት ቺፑ ራሱ "ቆሜ ነበር" ሲል ብቻ ነው፣ ለዛ የሚሆን ምልክት ውስጡ አለው፣ ላይብረሪው ሎስት ፓወር ብሎ ይጠይቀዋል፣ አዎ ካለ ብቻ ሙላው። ይሄን ካስተካከልኩ በኋላ መብራት ስንቴ እንደሄደ አላውቅም፣ ሰዓቱ ግን አልሳተም።

ከዚህ በኋላ ነው እውነተኛው ሥራ የመጣው።

መጀመሪያ ያደረግኩት የኛን ቀን ቺፑ ውስጥ በቀጥታ መጻፍ ነበር። ጥቅምት ላይ ነበርን፣ ወር 2 ብዬ ሞላሁት። ጥቅምት 28 ላይ ሄዶ ሄዶ በማግስቱ ኅዳር 1 አለኝ። እሱ ጋ 2 ማለት ፌብሩዋሪ ነው፣ በ28 ያልቃል። 13ኛ ወር ደሞ ጭራሽ አያውቅም፣ ዳታሺት የሚባለው የቺፑ ፋብሪካ መግለጫ የማይሆን ቀን ካስገባችሁበት ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም ይላል። በሰው አገር አቆጣጠር የተሠራን ነገር በግድ ጳጉሜን ማስቆጠር አይቻልም። ያኔ ነው አንድ ነገር የወሰንኩት፣ እስካሁንም የማምንበት፣ ቺፑ በለመደው ይቁጠር፣ የኛን የምንቆጥረው ስክሪኑ ላይ ስንጽፍ ብቻ ነው።

መቀየሪያውን ከኢንተርኔት ሳልወስድ ራሴ ሠራሁት። መስከረም 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፣ ዘመነ ዮሐንስ፣ የአራት ዓመቱ ዙር መጀመሪያ። ከዛ ቀን ጀምሮ ስንት ቀን እንዳለፈ ቁጠር። ለ1461 አካፍል፣ አራት ዓመት ስንት ጊዜ እንደሞላ ይነግርሃል። የተረፈውን ለ365፣ ዓመቱ። የተረፈውን ለ30፣ ወሩ። የቀረው ላይ አንድ ደምር፣ ቀኑ። የኛ አቆጣጠር ለኮምፒውተር ምን ያህል እንደሚመች ያየሁት ያኔ ነው፣ 12ቱ ወር እኩል 30፣ ትርፉ ሁሉ አንድ ቦታ ጳጉሜን ውስጥ ተሰብስቦ ተቀምጧል፣ የፈረንጁን ግን 31 የቱ ነው 30 የቱ ነው እያልክ በዝርዝር መያዝ አለብህ።

አንድ ቦታ ግን ይስታል። የዙሩ መጨረሻ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት። የዛን ቀን የተረፈው 1460 ነው፣ ለ365 ስታካፍለው 4 ይሰጥሃል፣ መሆን ያለበት ግን 3 ነው። ቺፑን ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ወስጄ ሞከርኩት፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ማለት ሲገባው መስከረም 1 ቀን 2020 አለ፣ በማግስቱም እንደገና መስከረም 1 አለ። ጳጉሜን 6 ጠፋች። "ከ3 ከበለጠ 3 በል" የምትል አንዲት መስመር ጨመርኩ፣ ተመለሰች። ጥምቀትንም እንደዚሁ ጃንዋሪ 19 ብሎ ኮድ ውስጥ የሚጽፍ ሰው አይቻለሁ። በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ነበር የዋለው። ጥር 10 ከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት በሚወርዱበት ከተማ ውስጥ ጥምቀትን በአንድ ቀን የሚስት ሰዓት ማንም ቤት ማስቀመጥ አልችልም።

ሰዓቱን መቀየር ቀላል ነው፣ 6 ደምረህ ለ12 ታካፍላለህ፣ ቀሪው ሰዓቱ ነው፣ ዜሮ ከመጣ 12። ከባዱ ቀኑ መቼ ይቀየራል የሚለው ነው።

መጀመሪያ ቺፑ እንደሚቀይረው፣ ከለሊቱ 6 ሰዓት ላይ እንዲቀየር ተውኩት። አንድ ለሊት እናቴ እንቅልፍ እምቢ ብሏት ከለሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ጠራችኝ። "አንቺ፣ ይሄ ሰዓትሽ ረቡዕ ይላል፣ ገና ማክሰኞ ለሊት እኮ ነው" አለችኝ። ልክ ናት፣ ማንም ሰው ያን ሰዓት ነቅቶ "ዛሬ ረቡዕ ነው" አይልም። ለአንድ ጓደኛዬ ሳወራው ቺፑን 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሰሽ ሙይው አለኝ፣ እንደዛ ከሆነ መቀየሪያም አያስፈልግ፣ ቀኑም ሲነጋ 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል። በጣም ደስ አለኝ፣ የኛ ቀን የሚጀምረው ከንጋት ነው ብዬ አደረግኩት። በወሩ 12 ሲደርስ እናቴ ከለሊቱ 11 ሰዓት ላይ ለሚካኤል ልትወጣ ለብሳ ሰዓቱ ላይ ቀኑን ስታይ ገና 11 ይላል። ቆማ ቀረች። ዛሬ ነው ነገ ነው? ገና አልነጋም፣ ግን ሚካኤል ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቅዳሴ ሊገባ ነው።

ጠዋት ስትመለስ ቡና ላይ ጠየቅኳት፣ ታዲያ እማ ያን ሰዓት ምን ብዬ ልጻፈው? ትንሽ እንኳን አላሰበችም። "ለሚካኤል አጥቢያ ነዋ። ማክሰኞ ለሊት ከሆነ ለረቡዕ አጥቢያ በይው።"

እኔ በሁለቱ ቁጥር መሀል አንዱን ልምረጥ እያልኩ ስንት ቀን ስደክም ቋንቋችን ሦስተኛ ነገር ነበረው፣ ትናንትም ያልሆነ ዛሬም ያልሆነ፣ ወደሚነጋው ቀን የሚሄድ ለሊት። ቺፑን ወደ ትክክለኛው ሰዓት መለስኩት። ከለሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ድረስ ስክሪኑ የሚመጣውን ቀን ወስዶ ከፊቱ "ለ" ከኋላው "አጥቢያ" ይጽፋል፣ 12 ሲሆን ሁለቱም ይጠፉና ቀኑ ብቻውን ይቀራል።

ስክሪኑ አማርኛ አያውቅም፣ ፊደሎቹን የሒሳብ ስኩዌር ደብተር ላይ እያጠቆርኩ ነው የሣልኳቸው፣ 13ቱን ወር፣ ሰባቱን ቀን፣ "አጥቢያ"ን። በ16 ነጥብ ቁመት ጥር ወዲያው ያምራል፣ ጳጉሜን ግን ጳዋ አራት ቀን ወሰደችብኝ። ሥዕሎቹን ሁሉ ኮዱ ራሱ በሚቀመጥበት ሚሞሪ፣ ፍላሹ ውስጥ ነው ማስቀመጥ ያለባችሁ፣ ኡኖ ያለው ራም 2 ኪሎባይት ብቻ ነው፣ ግማሹን ስክሪኑ ብቻውን ይበላዋል። ቁጥሩን በግዕዝ ላድርገው ወይ ብዬ ስጠይቃት "ቶሎ የሚታየኝን አድርጊው" አለችኝ፣ ስለዚህ 12 በትልቁ፣ ስክሪኑን ግማሽ ይዞ።

አራት ወር ሆነው። ከስልኬ ጋር ሳስተያየው 5 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ አልነካሁትም። ባለፈው ለሊት መብራት ሄዶ ነበር፣ ሲመለስ ከእንቅልፌ የነቃሁት በሷ ክፍል በር ስር በገባው ሰማያዊ ብርሃን ነው፣ ከዛ ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ ስታነሳ ተሰማኝ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ። ተነስቼ በበሩ አየሁት፣ ለ21 አጥቢያ፣ ከለሊቱ 10፡20።